አውሮፓ ያሉ እህት ወንድሞቼን ወጪ አስታርቁኝ

የጠባሴው ባለሱቅ (ጠያቂ)፦

ጎበዝ፣ ሒሳብ የምታውቁ እስቲ አስታርቁኝ።

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሱቅ አለኝ። ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮሮኒ፣ ስኳር ሲገኝ ስኳር። ግማሹ ደንበኛዬ በዱቤ ነው የሚወስደው። ስለዚህ የሰው ወጪ ከእኔ አያመልጥም። ወሩ ሳይጋመስ ዘይት የሚያልቅበትን ቤት አውቃለሁ። ደመወዝ በወጣ ማግስት ሥጋ ቤት በር ላይ የሚታየውንም፣ በዚያው ቀን የእኔን ሱቅ በሩቁ የሚዞረውንም አውቃለሁ። የገዛ እህት ወንድሞቼን ሒሳብ ግን ማወቅ አቃተኝ።

ሦስቱ ውጭ ናቸው። አንዱ ፍራንክፈርት መጋዘን ይሠራል። ታናሹ ዙሪክ ሆቴል ውስጥ ነው። እህታችን ሮም አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፤ አዳሯም ኑሮዋም እዚያው ሴትየዋ ቤት ነው። እናታችን እኔ ዘንድ ናት። የመድኃኒቷ አለ፣ የሐኪሟ አለ። አሁን ደግሞ የቤቱ ቆርቆሮ ተበሳስቶ ክረምቱን ባልዲ እየደረደርን ነው የወጣነው። ለዚህ ሁሉ በየወሩ መዋጮ አለን።

ጭቅጭቁ ይሄ ነው። ደመወዙ ትልቅ የሆነው የዙሪኩ ነው፣ 4600 ፍራንክ። የፍራንክፈርቱ 2900 ዩሮ ይላል። እህቴ 1100 ዩሮ። አብዝታ የምትልከው ማን ናት ብትሉ፣ እሷ! የዙሪኩ ከሁሉም ያነሰ ይልካል፣ እሱም ካልተወተወተ አይመጣም። እናቴ «ያን ልጅ ምን ነካብኝ፣ ሚስት ይዞ ይሆን?» ትላለች። ሚስት የለውም።

ነገሩ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ፈነዳ። የፍራንክፈርቱ «እናንተ ደመወዙን ብቻ ነው የምታዩት» አለ። እንግዲያው ወጪህን ጻፈውና አሳየን አልኩት። ሦስቱንም አስጻፍኳቸው። ወረቀቶቹ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው።

የፍራንክፈርቱ ከ2900 ውስጥ እጁ የሚገባው 2000 አይሞላም። ኪራይ ከነማሞቂያው 850፣ ያውም ለአንዲት ክፍል። መብራት ለብቻ፣ ባቡር፣ ስልክ። ቴሌቪዥን የሚል 18.36 ዩሮ አለ። ቴሌቪዥን እንደሌለው አውቃለሁ፤ በቪዲዮ ስንደዋወል ግድግዳው ባዶ ነው። ለምግብ የጻፈው 250 ብቻ።

የዙሪኩ ኪራይ 1500፣ የጤና መድን 380። ምግብ፣ ስልክ፣ ምናምን። ታች ላይ «ልዩ ልዩ» ብሎ 700። እኔን! ባለሱቅን!

የእህቴ ወረቀት አጭር ነው። ስልክ፣ አውቶቡስ፣ የእሁድ ቡና፣ ለቤተ ክርስቲያን። ኪራይ የለም። ምግብ የለም።

በእኔ ቤት ከወር ገቢው ከግማሽ በላይ የሚወስደው ምግብ ነው። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው። የቤት ኪራይ የለብኝም። የእነሱ ተገልብጦ መጣብኝ። እዚያ የምትኖሩ፣ ይሄ ወረቀት እውነት ነው? መዋጮውንስ በምን እንለካው? እኩል እኩል ነው፣ በደመወዝ ነው፣ ወይስ ሌላ መላ አላችሁ?

የደብረ ሲናዋ፦

ጋሼ እንደምን ነዎት? እኔም ፍራንክፈርት ነኝ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ስለ ወንድምዎ ልመስክርለት። ወረቀቱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ሳይጽፍ የተወው አለ።

መጀመሪያ የደመወዙ ነገር። 900 ዩሮ የት ገባ ካሉኝ፣ መጀመሪያውንም አላየውም። ገና ሳይከፈለው ለጡረታ 9.3 በመቶ፣ ለጤና መድን 7.3 በመቶና ትንሽ ጭማሪ፣ ለሥራ አጥነት 1.3 በመቶ ይቆረጣል። ለእርጅና እንክብካቤ ደግሞ ሌላ አለ። አሠሪውም በበኩሉ ያን ያህል ይከፍላል። በዚህ ላይ የገቢ ግብር ይመጣል። ላጤ ሲሆኑ ደግሞ ግብሩ ይጠናል። ነገ ቢታመም ግን ሆስፒታል ገብቶ እስኪወጣ ለቤተሰብ የሚደወል የአዋጡልኝ ስልክ የለም። እናንተ ለእማማ ሲታመሙ የምታዋጡትን እሱ ለራሱ ሳይታመም ነው የሚያዋጣው።

18.36ቱ የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ ነው። የሚከፈለው በቤት ነው። ቴሌቪዥን የለኝም ቢሉ የሚሰማዎት የለም። እኔም እከፍላለሁ፣ እኔም የለኝም።

አሁን ወደ ቤቱ። እዚህ ቤት ሲከራዩ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ማስያዣ ይጠየቃሉ፣ ያውም ማሞቂያው ሳይቆጠር። ብዙ ቤት ደግሞ ማድቤቱ ባዶውን ነው የሚሰጠው። ምድጃ የለ፣ ቁምሳጥን የለ፣ አንዳንዱ ዘንድ የዕቃ ማጠቢያውም የለ። ተከራዩ ነው ገዝቶ የሚያስገባው። ወንድምዎ ለዚያ የተበደረውን እየከፈለ ከሆነ ወረቀቱ ላይ አልጻፈውም ማለት ነው። ይጠይቁት።

ከነማሞቂያው 850 ያለውም ግምት ነው። በየወሩ የሚከፈለው ለማሞቂያ የተገመተው ነው እንጂ ትክክለኛው ሒሳብ በዓመት አንዴ በደብዳቤ ይመጣል። ትርፍ ካለ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጨምር ነው የሚለው። በፈረንጆቹ 2022 ጋዝ የተወደደ ጊዜ ያ ፖስታ እስኪመጣ ሁላችንም ሆዳችንን ባር ባር ብሎት ነው የከረምነው። እኔ ቤት ውስጥ ጋቢ ደርቤ፣ ሁለት ካልሲ አድርጌ ነበር። የሰሜን ሸዋ ልጅ ምን ብርድ ይፈራል ይሉኝ ይሆናል። ብርዱን እንችለዋለን፣ የማይቻለው ግድግዳው ነው። ማሞቂያውን ጭራሽ ከዘጉት ጥጉ ይሻግታል። የሻገተውን ደግሞ አከራዩ በተከራዩ ነው የሚያላክከው። ስለዚህ የማሞቂያው ቁልፍ 2 ላይ ተደርጎ ይኖራል። እኛ ቤት እኮ ኩበቱ ሲያልቅ ይታያል፣ ሰው በልኩ ያነዳል። ይሄኛው ምን ያህል እንደነደደ የሚታወቀው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ለምግብ 250 የበቃው ቤቱ ስለሚያበስል ነው። ዱቄቱ፣ ሩዙ፣ ምስሩ፣ ሽንኩርቱ አልዲና ሊድል የሚባሉት ሱቆች ዘንድ ርካሽ ነው። የሚያስወጣው እንጀራ ነው፣ ሥጋ ነው፣ ደጅ መብላት ነው። በሰው ሻንጣ የምትልኩለት ሽሮና በርበሬ ባይኖር 250 አይበቃውም። እርስዎ ባለሱቅ ነዎት፣ ያንን በርበሬ በደብተርዎ ላይ በመዋጮ ይዘውታል?

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከተማ አስተዳደር ሲመዘገብ ሃይማኖቱን ምን አስሞላ? ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ተብሎ የተጻፈበት ሰው፣ እዚህ እኛ ክፍለ ሀገር፣ የገቢ ግብሩን 9 በመቶ ለቤተ ክርስቲያን ይቆረጥበታል። ኦርቶዶክስ ሆኖ ሳለ በስህተት የተጻፈበት አውቃለሁ፣ ዓመት ሙሉ ሳያየው ከፍሏል። የደመወዝ ወረቀቱን በደንብ ያንብብ።

ማሾ ነጋዴ፦

ከሸዋሮቢት ሰላም ብያለሁ። ባለሱቅ፣ ሁሉንም ትተህ 700ዋን ያዝ። ወይ መኪና ነው፣ ወይ ጫማ ነው፣ ወይ ሴት ናት። አራተኛ የለውም።

ባለ ፍራንኩ፦

አራተኛ አለው፣ አምስተኛም አለው። ልጁን ሳታውቁ አታብጠልጥሉት። እኔ በርን ነኝ፣ እዚሁ ስዊዘርላንድ።

እዚህ አገር የጤና መድን ከደመወዝ አይቆረጥም፣ አሠሪም አያግዝህም። እያንዳንዱ ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። የዋጋው ነገር ደግሞ ይገርማል። ደመወዝህን አያይም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ዓይነት ውል ከሆናችሁ የባንክ ሥራ አስኪያጁና ሆቴሉን የሚያጸዳው ልጅ እኩል ይከፍላሉ። ገቢው በጣም ያነሰ ሰው ካንቶኑ፣ ማለት ክፍለ ሀገሩ፣ ይደጉመዋል፣ ግን አመልክቶ ነው። ከዚያ ደግሞ ብትታመም የመጀመሪያውን ወጪ አንተው ነህ የምትችለው። በዓመት ከ300 እስከ 2500 ፍራንክ ድረስ ምረጥ ትባላለህ። ወርሃዊውን ለመቀነስ ብሎ 2500ውን የመረጠ ጎረምሳ ጥርሱን ነክሶ ነው ጉንፋን የሚያሳልፈው።

ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ካለው ግብሩም ከደመወዙ አይነሳለትም። በኋላ ሒሳብ ይመጣበታል፣ ራሱ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ በየወሩ ለይቶ ካላስቀመጠ ጉድ ይፈላል። ያ 700 ውስጥ ግብሩ ሊኖርበት ይችላል። ፈቃዱ ምን ዓይነት ነው? እሱን ሳትጠይቅ መኪና አትበል።

ስለ ሥጋ አታንሱብኝ። እዚህ የሥጋ ዋጋ አይቶ የማይጾም የለም። የዙሪክ ሰው ቅዳሜ ባቡር ይዞ ጀርመን ኮንስታንስ ሄዶ ይገዛል። ከፈረንጆቹ 2025 ወዲህ በሰው ከ150 ፍራንክ በላይ ከገዛህ ድንበር ላይ የሽያጭ ግብር አለብህ፣ ድሮ 300 ነበር። ሥጋ ደግሞ በቀን ከአንድ ኪሎ ካለፈ ቀረጥ ትከፍላለህ። ለዓመት በዓል አራት ሆነን እንሄዳለን፣ አራት ኪሎ ይዘን እንመለሳለን። ክትፎው ከዚያ ነው።

የአንኮበር ልጅ፦

ወንድሜ፣ የሁለቱን ወንዶች ተወውና ስለ እህትህ ስማኝ። እኔም ሮም ነኝ፣ እሷ የምትሠራውን ሥራ ስሠራ ነው ጠጉሬ የሸበተው።

ኪራይ የለም ብለህ ደስ ያለህ መሰለኝ። ኪራይ የሌለባት ቤት ስለሌላት ነው። የምትተኛው አሮጊቷ አጠገብ ባለች ክፍል ነው፣ በሩ ሌሊት አይዘጋም፣ ሴትየዋ ስታቃስት እንድትሰማ። የራሷ ቀን ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ናት። በቀረው ሰዓት ገንዘብ የምታጠፋበት ጊዜ እንኳ የላትም። ለዚህ ነው የሚተርፋት። ለዚህ ነው ከሁሉም በልጣ የምትልከው።

አሮጊቷ ሲኞራ ስታርፍስ? ሥራውም፣ አልጋውም፣ ምግቡም በአንድ ቀን ይቆማል። ልጆቿ ቤቱን ለመሸጥ ይፈልጉታል። ሕጉ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ያዛል፣ ስንብትም አለ፤ ቢሆንም ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ መባል አይቀርም። እኔ ላይ ደርሷል። ያኔ ሌላ ሥራ እስክታገኝ ክፍል መከራየት አለባት፣ ማስያዣም ሊጠየቅባት ነው። ያን ቀን ወንድሞቿ ያዋጡላታል? ወይስ እሷ ላኪ ናት ተብላ ትረሳለች?

ታኅሣሥ ላይ አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ የሚሏት አለች፣ አንድ ወር ሙሉ ተጨማሪ። እሷንም ቆርቆሮ አታድርጓት።

ቁጥር ወዳድ፦

ጋሽ ባለሱቅ፣ እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፣ ሳሙናም ከእርስዎ ነው የምገዛው።

ተገልብጦ መጣብኝ ያሉት ነገር የቆየ ነገር ነው። ኤርነስት ኤንገል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1857 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቤልጂግ ቤተሰቦችን ወጪ መዝገብ ይዞ መረመረው። ድሃው ቤት ከገቢው ትልቁን እጅ ለምግብ ያውላል። ገቢው ሲያድግ የምግቡ ድርሻ ይቀንሳል። ዛሬም በአውሮፓ ውስጥ ይሄው ይታያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአማካይ ቤተሰቡ ከሚያወጣው መቶ ዩሮ ውስጥ ሩብ ገደማ ለቤት፣ ለውኃ፣ ለመብራትና ለማሞቂያ ነው። ምግብ 14 ገደማ ቢይዝ ነው። ሮማኒያ ግን የምግቡ ድርሻ ከዚህ ብዙ ይበልጣል፣ አየርላንድ ደግሞ ከ10 በታች ነው። የአየርላንድ ሰው ትንሽ ይበላል ማለት አይደለም፤ ሌላው ወጪው ስለገዘፈ ነው። ስፔንና ግሪክ ብንሄድ ገንዘቡ ምግብ ቤትና ቡና ቤት ይወጣል።

ኪራይም እንደዚያው። ሮማኒያ ከመቶ ሰው ከ90 በላይ የሚኖረው በራሱ ቤት ነው። ጀርመን ግማሽ ያህሉ ተከራይ ነው። የፍራንክፈርቱ ወንድምዎ ሮማኒያ ተወልዶ ቢሆን ኪራዩ ባይኖርበትም ዳቦው ያስለቅሰው ነበር።

አሁን አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። የስታቲስቲክስ ሰዎች በራሱ ቤት የሚኖረውን ሰው ቢከራይ ኖሮ ይከፍል የነበረውን ገምተው በወጪው ውስጥ ይደምሩለታል። አሠሪ በዓይነት የሚሰጠውም ይቆጠራል። በዚህ ሒሳብ የእህትዎ ክፍልና ምግብ ሲደመር 1100 የተባለው ደመወዟ የፍራንክፈርቱ እጅ ከሚገባው ብዙም አይርቅም። እርስዎም የራስዎ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ግምቱ ይደመርብዎታል። ስለዚህ «ምስኪኗ እህት» ማለቱን ትንሽ እንቀንስ።

ብሩንም አትርሱ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ሲለቀቅ የምትቀበሉት ብር በረከተ። የእነሱ ዩሮ ግን አልበረከተም። ቆርቆሮውም በዚያው ልክ ተወደደ።

የአንኮበር ልጅ፦

መምህር፣ ግምቱን ይዛ ብትሄድ አከራይ ይቀበላታል? የራሱ ቤት ያለው ሰው ቤቱን ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል። እሷ ያችን ክፍል ምን ታደርጋታለች?

ቁጥር ወዳድ፦

እሱስ ልክ ነሽ። ወጪ ሌላ፣ ሀብት ሌላ ነው። እኔ ያወራሁት ወጪውን ነው።

ኡፕሳላ፦

እኔ ስዊድን ነኝ፣ ባትጠይቁኝም ልናገር። እዚህ ለኮምዩኑ፣ ማለት ለከተማው አስተዳደር፣ እና ለክልሉ የሚከፈለው ግብር በአማካይ 32 በመቶ ገደማ ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን የምከራየው ቤት ማሞቂያውና ውኃው ኪራዩ ውስጥ ነው፣ ደብዳቤ አልጠብቅም። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ሰዓት ይዘን በየተራ እንገባለን። ልጆቼ ምሳ ትምህርት ቤት በነፃ ይበላሉ። ለመዋዕለ ሕፃናቱ ከገቢዬ ለመጀመሪያው ልጅ ቢበዛ 3 በመቶ፣ ለሁለተኛው 2 በመቶ ነው የምከፍለው። ልጅ ላለው ሰው ይሄ አገር ያዋጣል። ላጤ ግን እየከፈለ የሰው ልጅ ያሳድጋል፤ የእኔን ልጆች ማለቴ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የጠባሴው ባለሱቅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰሞኑን ስልክ ላይ ነው የዋልኩት፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የደብረ ሲናዋ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የፍራንክፈርቱ የደመወዝ ወረቀቱን በካሜራ አሳየኝ። የቤተ ክርስቲያን የሚል መስመር የለበትም። የማድቤቱን ዕቃ ግን በብድር ነው የገዛው፣ በየወሩ 90 ዩሮ ይከፍላል፣ አልጻፈውም ነበር። ለምን ደበቅኸኝ ብለው «በምድጃ ዕዳ ገባ እንዳትሉኝ» አለ። የማሞቂያው ደብዳቤ የሚመጣው ኅዳር ላይ ነው አለኝ። የኅዳርን መዋጮ ትቼለታለሁ፣ ሌላው እንዳለ ይቀጥል። በርበሬውንም ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ይዤዋለሁ፣ ለሦስቱም።

ባለ ፍራንኩ ያልከው አለበት። የዙሪኩ ግብሩን ራሱ ነው የሚከፍለው፣ ከ700 ውስጥ 400ውን ለዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ሦስት መቶውስ ስለው «ትንሽ ትንሽ ነገር» አለ። ማሾ ነጋዴ፣ አትሳቅ። መኪና የለውም፣ ሁለቱን ግን አላጣራሁም። የሆነው ሆኖ ወርሃዊውን ትንሽ መዋጮ ይቀጥልና ቆርቆሮውን እሱ አንዴ ይሸፍን ብያለሁ። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ እናቴን ስልክ ላይ ሳቀርባት እሺ አለ። ከመስቀል በፊት ይላካል ተብሏል፣ እናያለን።

እኩል እኩል ማለቱን ትቼዋለሁ። በደመወዝም አልሄድኩም። ቤት ኪራይ፣ ግብር፣ መድንና ዕዳ ተነስቶ የቀረውን ነው የያዝኩት። በዚህ ከሄድን አሁንም ከደመወዙ ትልቁ እጅ የሚተርፋት እህቴ ናት። መምህር፣ እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ ቁጥሩ ይሄንን ነው የሚለው። ግን የአንኮበር ልጅ ያለችኝ እንቅልፍ ስለነሳኝ የምትልኪውን በግማሽ ቀንሺና ሌላውን ለራስሽ አስቀምጪ አልኳት። ተቆጣች። «እናቴን ልትከለክሉኝ ነው?» አለች። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም።

የአንኮበር ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲኞራዋ ዘጠናን አልፋለች። እህቴ የሥራ ውል አላት፣ ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከምትሠራው ያንሳል፣ የቀረውን በእጇ ነው የሚሰጧት። ይሄ ስንብቷ ላይ ለውጥ ያመጣል?

የአንኮበር ልጅ፦

ያመጣል እንጂ። ካልተከራከረች ስንብቱ የሚሰላው በተጻፈው ደመወዝ ነው። ጡረታዋም እንደዚያው። በእጅ የሚሰጣት በኋላ ማስረጃ የለውም። የደመወዝ ወረቀቶቿን አንድም ሳትጥል ትሰብስብ፣ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ በየቀኑ ደብተር ላይ ትጻፍ። ያንተ እህት አይደለች፣ ደብተር መያዝ አያቅታትም። ከዚያ የሠራተኛ ማኅበር ቢሮ ሄዳ ውሉን ታሳይ፣ አሁን ሲኞራዋ በሕይወት እያለች። ከሞተች በኋላ ከወራሾች ጋር መከራከር ሌላ ጣጣ ነው። ብቻዋን ከፈራች ሐሙስ ከሰዓት አብሬያት እሄዳለሁ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ስጣት።